እስኪነጋ

አጎቷ ደወለ፣ ረፋድ አራት ሰዓት፤
«ብቻህን ነህ?» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ነፋስ አለበት።
«ወንድሟ ገረመው… ትናንት ማታ። አንተ ግን አደራ፣
ነገ ማለዳ ቤቷ እስክንመጣ፣ እንዳትሰማ በሥራ።»

ሱቃችን ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ደረጃው ሥር ናት፤
ሁለት ወንበር ትችላለች፣ ሦስተኛ ይጠባታል።
ዘርፌ ማመልከቻ ትጽፋለች፤ እኔ ማኅተም እቀርጻለሁ፤
እሷ የሰው አቤቱታ ስትሰማ፣ እኔ የሰው ስም ስገለብጥ እውላለሁ።
ያን ዕለት እጄ ላይ የእድር ማኅተም ነው የነበረው፤
«መረዳጃ» የሚለውን ቃል ከኋላ ወደ ፊት እየቀረጽኩት ነው።

ዘርፌ ሳቀች።
አንድ ሽማግሌ ለቀበሌ ክስ ሲያስጽፍ፣
የጎረቤቱ ዶሮ «ተከሳሽ» ተብላ ስሟ እንዲጻፍ…
ትከሻዋን የሚያናውጥ ሳቅ አላት፤
እኔ እንደ ሌባ ደነገጥኩ፣ ነገን እያወቅሁባት።

ስድስት ሰዓት ላይ ስልኳን አወጣች።
«ገሬ ዛሬ አያነሳም። ለገሃር ሸሚዝ አይቼለታለሁ፤
የአንገቱ ቁጥር ጠፍቶኝ ነው የምደውለው» አለች።
«ኔትወርክ ይሆናል» አልኩ።
ስንት ውሸት ተሸክማለች ይቺ ቃል በዚህ ከተማ!
እንዲህ ግን ከብዳኝ አታውቅም፣ ምላሴ ላይ ተጋድማ።

ሐዘን ለካ ያፈስሳል።
አፌን ዘጋሁ እንጂ ትከሻዬን ማን ዘጋው?
ጣቶቼንስ? መቅረጫው አዳልጦኝ ጣቴን ቆረጠው።
መሐረቧን ጠቀለለችልኝ፣ ደሙ እስኪቆም ይዛ፤
«ከጠዋት ጀምሮ ፊትህ ፊትህ አይደለም፤
ንገረኝ፤ የሰው ሆድ ሰምቼ የሞትኩበት ቀን የለም።»
ሰው እንዲህ ነው መቼም፤ ሳያውቀው ቤቱ ሲነድ፣
የጎረቤት ጭስ ሊያጠፋ ባልዲ ይዞ ይሮጣል መንገድ ለመንገድ።

ምን ልበላት?
የሷን መናገር አልችል፤ ዝም ማለትም አቃተኝ፤
ከሆዴ ግርጌ ስፈልግ፣ የአሥራ አንድ ዓመት የራሴ ሬሳ ተገኘልኝ።
«አባቴ» አልኳት።
አባቴ ሲሞት ፈተና ላይ ነበርኩ፤ ደብቀውኝ ከረሙ፤
መርዶው ሲደርሰኝ ድንኳኑ ፈርሷል፣ አልቃሾቹ ደከሙ።
የሰው እንባ አልቆ ደረስኩ፤ ብቻዬን ለማልቀስ አፈርኩ፤
እርሜን ሳላወጣ፣ ይኸው፣ እየሳቅኩ ኖርኩ።
ያዘኑልኝ መስሏቸው ነው።

ዘርፌ ወንበሯን ሳበች። «እግዜር ያጽናህ» አላለችም፤
«ስንት ዓመት ሆነው እኮ» አላለችም።
«ሲስቅ እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀች፤
ገና አፌን ስከፍት አለቀሰች።
ከዚያ እኔ።
ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ልጅ በር ላይ ቆሞ ተመለሰ፤
ቸርችል ላይ ዝናብ ጀመረ፤ የደረጃው ጫፍ ራሰ።

ግማሹን ለአባቴ፣ ግማሹን ለገረመው አለቀስኩ፤
እሷ ሳታውቅ አዋጣች፣ እኔ እያወቅሁ ተቀበልኩ።
ማታለል ይሁን? አላውቅም።

ማታ እስከ ታክሲው ሰልፍ ሸኘኋት፤
ሸሚዙን በመስታወት አሳየችኝ። ሰማያዊ፣ እጀ ረጅም።
«ቀለል አለህ?»
«ቀለል አለኝ» አልኩ። እውነት ነበር፤ እውነትነቱ አሳፈረኝ፤
የሷን እንደ ተሸከምኩ፣ የኔን እሷ አወረደችልኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሊነጋ ሲል፣ ሠራተኛ ሰፈር።
ነጠላችንን አዘቅዝቀን በሯ ላይ ቆመናል፤ የሚተነፍስ አልነበረም።
አጎቷ ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ፣
ከውስጥ መብራት በራ።
ከፈተች። አጎቷን አልፋ እኔን አየች፤
ከዚያ ጣቴን፣ ጣቴ ላይ ያለውን የራሷን መሐረብ።
«ትናንት» አለች።
«ትናንት ታውቅ ነበር።»

ደረቴን መታችኝ ወይስ ተደገፈችኝ፣
እስከ ዛሬ አለየሁትም።