ስልሳ ዋት

ደንዲ ላይ ኅዳር ነው፤ ሰማዩ አልነጋ፣
ከቴይ ወንዝ የወጣ ጉም መስኮት ሲጠጋ፣
መሰላል ይዤ፣ የዕቃ ሳጥን አንግቤ፣
የቀኑን መጀመሪያ በር አንኳኳሁ ቀርቤ።
ሥራዬ ቆጣሪ ነው፤ አሮጌውን ፈትቶ
አዲሱን መግጠም ነው፤ መሄድ አስፈርሞ፣ ሻይ ካለም ጠጥቶ።

ወይዘሮ አይልሳ፣ ሰማንያን ያለፉ፣
ካፖርት እንደለበሱ በሩን ተደገፉ።
«ግባ» አሉኝ። ገባሁ። ሳሎኑ እንደ ደጁ፤
ትንፋሽ ይታያል፤ ይቀዘቅዛል እጁ
የወንበሩ ሳይቀር።
«እስቲ እውነት ንገረኝ» አሉኝ ሻይ እያፈሉ፣
«ያለሱ አይሆንም፣ ይጠቅማል ይላሉ፤
ይጠቅማል ወይ ልጄ? ወይስ ሌላ መላ፣
ያችኑ ጡረታ ዞሮ የሚበላ?»

ኩባንያው ያስጠናኝ መልስ አለ በቃሌ፣
በየቤቱ ደጃፍ የምደግመው ሁሌ፤
የዚያን ዕለት ግን ምላሴ እምቢ አለ።
«ሚዛን ስለገዛ የከሳ ሰው አለ?
ይኼም ያው ነው፣ እማማ፤ መቁጠር ነው ሥራው፤
ቤትዎን አያሞቅም፤ ይነግርዎታል እንጂ ስንት እንደሆን ዕዳው።»

የራሴን ነገርኳቸው። ቤቴ የገጠምኩ ጊዜ፣
ማሳያዋን ማድ ቤት ቆሜ ሳይ ፈዝዤ፣
አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ደግሞ ቀይ ስትመታ፣
ሰው መሆኔ ቀርቶ የሶኬት ዘበኛ ሆንኩኝ ጠዋት ማታ።
ልጄን ከሻወር ሥር በጩኸት አወጣሁ፣
በጎረቤት አምፖል ሳይቀር ተቆጣሁ።
አንድ ምሽት ሽታዬ፣ ባለቤቴ፣ ሻማ ለኩሳ መጥታ
«እንካ፣ ይኼን ቁጠር» አለችኝ ተቆጥታ።

ልብ ገዛሁ ያኔ።
ልብስ ማጠቢያውን በርካሹ ሰዓት፣ ሌሊት አደረግሁት፤
ማሞቂያውን በልክ፤ ሌላውን ግን ተውኩት።
ዓመቱ ሲዘጋ ከሂሳቡ የተረፈ
አንድ ጥንድ ጫማ ነው፤
ታናሹ ልጄ አጠለቀ፣ ታላቁ አኮረፈ።

«በእኛ አገር» አልኳቸው «መብራት ሄደ፣ መጣ ይባላል፤
እዚህ እሱ አይሄድም፤ ሂሳቡ ግን ይመጣል።»
ሳቁ። ሲስቁ ጉም ወጣ ካፋቸው።

ከዚያ ገጠምኩት። «ለሙከራ» አልኩ «ሁሉን እናጥፋ።»
ፍሪጁ ተነቀለ፣ ሬዲዮው፣ ሻይ ማፍያው፤ የኮሪደሩ መብራት ጠፋ።
ማሳያዋ ግን ዜሮ አልልም አለች፤
ስልሳ ዋት ላይ ቆመች።
ስልሳ ዋት። ትንሽ ነው። ግን ማነው የሚበላው?
ከደረጃው ሥር አየን፤ ከቁም ሳጥኑ ኋላ፤
ሽቦ ሽቦውን ይዘን፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን፣
ጓሮ ካለው ዛኒጋባ ደረስን።

የዛገ የሣር ማጨጃ። የደረቀ የቀለም ጣሳ።
ከመደርደሪያው ሥር ክንድ የምታህል ማሞቂያ፣
አጠገቧ አኮርዲዮን፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ።
«ፈርገስ» አሉ ወይዘሮ አይልሳ። ዝም አሉ።
«እርጥበት ይገድለዋል ይል ነበር።
ሁለት ዓመት ሆነው ከሞተ። ይቺ እንዳልጠፋች እኔም አላወቅሁ።»
እሳቸው በካፖርት ሁለት ክረምት ሲገፉ
እሱ ሞቆት ነበር።

ሙያ ነውና፣ እጄ ወደ ማጥፊያው ሄደ።
«በወር አሥራ አንድ ፓውንድ ግድም ይሆናል» አልኩኝ፤ «ላጥፋው?»
ጓንታቸውን አውልቀው አኮርዲዮኑን ዳሰሱ፣
ጥቂት ዘግይተው መለሱ፦
«ውድ ነው» አሉ።
እጄን ሰበሰብኩ።

ማሳያዋን የት ላስቀምጥ አልኩ፤
ብዙ ሰው ማድ ቤት፣ አንዳንዱ ሳሎን ይወዳል።
«አልጋዬ ራስጌ» አሉ። «ሌሊት እንቅልፍ ይከዳል።»

ቅጹ ላይ ጥያቄ አለ፦ «ደንበኛው ስለ ቁጠባ ምክር ተሰጥቶታል?»
አዎ የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።
ቀጣዩ ቤት፣ ሰውዬው ገና በሩን ሳይከፍት
«እውነት ይጠቅማል ወይ?» አለኝ በደብዳቤ ማስገቢያው ክፍተት።
«እንደ ቤቱ ነው» አልኩት።