ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ምሳ

ቦራ የሚሉት ነፋስ ቆብ እየቀማ
በሚያባርረን በትሪየስቴ ከተማ፣
ምድር ቤት ተቀምጠን፣ ተቋሙ ባሰናዳው ምሳ፣
አንድ ጥያቄ ተነሣ፦
«ይህ ፖሌንታ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ
ጠጣር ነው? ፈሳሽ ነው?» አልሁ፣ ማንኪያዬ ላዩ ላይ አርፎ።

ራድካ፣ የቡልጋርያዋ፣ የሌዘር ተማሪ፣
«ሳህኑን አዘንብለው፤ ከሄደ ፈሳሽ ነው፣ ካልሄደ ኗሪ።»
(የእኔ መኖሪያ ፈቃድ ገና ሰልፍ ላይ ነው፤
ምን ዓይነት ቁስ እንደሆንሁ ማንም ያልለየው።)

አዘነበልሁት። ቆመ። ቆይቶ፣ ቆይቶ፣
መጣ፣ እንደ ዕዳ ከፋይ፣ እግሩን ጎትቶ።
«ዝልግልግ!» አልን ባንድ አፍ፤ መዝገብ ተከፈተ፣
በአንዲት ሶፍት ሠንጠረዥ ዓለም ተከተተ፦

ላዛኛ ክሪስታል ነው፣ ንጣፍ በንጣፍ፣
ሥርዓቱን የሚጠብቅ ሹካ መሀሉን እስኪያልፍ።
ስፓጌቲ ሰንሰለት ነው፣ የረጅም ሞለኪውል ገመድ፤
አንዱን ስትጠራው ሰባቱ ይመጣል፣ እንደ ሠርግ ዘመድ።
ዮታ፣ ቦሎቄና ጥቅል ጎመን፣ ሲበሉት ፈሳሽ ነው፤
ጋዝነቱን የሚመሰክር አብሮህ የሚያድረው ነው።

ራቪዮሊ ግን ኳንተም ነው፤ ተዘግቶ ሳለ
ዱባም ነው፣ ሥጋም ነው፣ ሁለቱም አለ፤
ጥርስህ ሲለካው ነው ቁርጡ የሚወጣ።
ዓርብ ዕለት ለካሁት... ሥጋ!
ለንስሐ አባቴ «ኳንተም ነው» ብላቸው፣ ማን ከጉድ ሊያወጣ?

ቲራሚሱ፣ በጋራው ፍሪጅ፣ ግማሽ ዕድሜው አሥር ደቂቃ፤
ስሜን ጻፍሁበት፤
ስመለስ ስሜ ብቻውን ቆሟል፣ የባዶ ቤት ጠበቃ።
ጄላቲ? ጠጣር ነው፣ ሒሳቡን እስክትከፍል፤
ከዚያ ወዲያ ወንዝ ነው፣ በእጅጌህ የሚያዘግም፣ በክርንህ የሚዘልል።

ሲኞራ ኔርና ጭልፋቸውን ጥለው
ሶፍቱን አነሡ፣ መነጽር ሰቅለው፣
አነበቡ ዝም ብለው።
አርባ ዓመት ያበሰሉ ሴት፣ አንድም ሳይስቁበት፣
ከፖሌንታው ትይዩ፣ «ዝልግልግ» ባልንበት፣
ከጆሯቸው በመዘዙት እርሳስ አንድ ቃል ጨመሩበት፦

«ቀዝቅዟል።»

ዞር ብለን አየነው። እውነትም። እኛ ስንፈላ
እሱ ረግቶ ጠጥሯል፣ ቆሟል እንደ ጥላ።
ከሽርጣቸው ኪስ ነጭ ክር መዘዝ አድርገው
እንደ ሳሙና ቆረጡት፣ ሦስት ቦታ ከፍለው፤
መጥበሻው ጮኸ፣ ቅቤው ዘመረ፣
ጠርዙ ወርቅ ለበሰ፣ ክርክሩ ቀረ።

ራድካ «ጠጣር!» ብላ ልታርም፣ እርሳስ ስትፈልግ፣
ሠንጠረዡን አነሣሁ፣
አፌን ልጠርግ።