ሃያ ሜጋባይት

ናናይ ፑሪንግ መጣች፣ በቀብሩ ማግስት፣
ጃንጥላዋን ሳታጥፍ፣ ስልኳን ጠቅልላ በላስቲክ ከረጢት።
«ለሬናንቴ ላክልኝ፤ አባቱን ይሰናበት።»

ልጁ ብረት በሚጭን መርከብ ሆድ ውስጥ ሞተር ዘይት ያጠጣል፤
ከየብስ የራቀ ነው፤ ሳተላይቱ በሳምንት አንዴ ያየዋል፤
ከሃያ ሜጋባይት ያለፈውን ፋይል መርከቡ ይመልሳል።

እኔ ጊምባል ገበያ፣ ከዓሣ ሻጮቹ ጀርባ፣
ፎቶ አትማለሁ፣ ስልክ እጠግናለሁ፣ ካርድም እሸጣለሁ፤
የፑሪንግን ስልክ ከፍቼ የቪዲዮውን ክብደት አየሁ፦
አንድ ጊጋ ተኩል።
ግመሉ ይኸው፤ የመርፌው ቀዳዳ በእኔ እጅ።

ማሽኑ ንፉግ ነው፤ ያልተነቃነቀን ሁለቴ አይጽፍም፤
ግድግዳን አንዴ አይቶ «እንደ ቅድሙ» ይላል፣ ሌላ አይጨምርም።
ሣጥኑ ርካሽ ነው። ኩላስም ርካሽ ነው፣ አይንቀሳቀስም።
ውዱ ዝናቡ ነው፤
እያንዳንዷ ጠብታ ለማሽኑ አዲስ ናት፣ ቅድም የላትም።

ቁጥሯ ስታንስ ነው ምስሉ የሚጠራው፣
ስትበዛ ነው ፋይሉ የሚከሳው።
አሥራ ስምንት አልሁ፦ አራት መቶ ሰማንያ።
ሃያ ስምንት፦ መቶ ሃምሳ። ሠላሳ አራት፦ ሰባ አምስት፤
ዝናቡ ጉም ሆነ፤ የቄሱ ነጭ ልብስ
ውሃ ውስጥ የረሱት ሳሙና መሰለ፣ ዳርቻ የሌለው፣ ልሙጥ።

«ምን ልቀንስ፣ ናናይ? ዝናቡን ላደብዝዘው?»
«ዝናቡንማ ተው፤ ዘንቦ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል።
ከንቲባውን ቁረጠው፤
ኩላስ፣ ነፍሱን ይማረው፣ እሱ ሲናገር እንቅልፍ ይወስደው ነበር።»

ከንቲባውን ቆረጥሁ። ስፋቱን በግማሽ፣ ግማሹንም በግማሽ አጠበብሁ፤
ከሠላሳው ፍሬም አሥራ አምስቱን ጣልሁ፤
የሙዚቀኞቹን መለከት ከሁለት ጆሮ ወደ አንድ አወረድሁ፤
የኮምፒውተሩ ማራገቢያ እንደ ታመመ ውሻ ሲያለከልክ አብሬው አደርሁ።
ንጋት ላይ፦ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት።
ላክሁ።

በአራተኛው ቀን መልስ መጣ፣ ነጥብም ሰረዝም የሌለው፦
«ደረሰኝ ተመስገን ከሙዙ ሥር የቆመችው ማናት
ፊቷ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን የሆነባት»

ፑሪንግ መነጽሯን አደረገች፤ አነበበች፤ ደግማ አነበበች።
«ጎረቤት ናት በለው» አለች።

አላልሁም።
ወንበር ስቤ ከመስኮቱ ፊት አስቀመጥኋት፤
«አሥር ሰከንድ ብቻ፣ ናናይ፣ ወደዚህ እዪ» አልኋት።
ስፋቱ ሙሉ፣ ፍሬሙ ሙሉ፣ ቁጥሯ አሥራ ስምንት፤
ሃያውን ሜጋባይት ለአንድ ፊት፤
የግንባሯን ሽብሽብ፣ የግራ ጉንጯን ማድያት፣
ያልደረቀውን የዓይኗን ጠርዝ፣ አንዱንም ላልነካባት።

ፎቶ መስሏት እንደሁ እንጃ፣
አልተነፈሰችም፣ ሽፋሽፍቷን አላርገበገበችም፣ አሥሩን ሰከንድ ሙሉ።
ማሽኑ አንዴ ጻፋትና «እንደ ቅድሙ፣ እንደ ቅድሙ» አለ በየፍሬሙ ሁሉ።
ሦስት ሜጋባይት ብቻ ሆነች።

ማውሱ ላይ እጄን እንደጫንሁ ቆየሁ።
ወደ መጀመሪያው ቅጂ ተመለስሁ፣ ሰው የሌለበትን ቦታ ፈለግሁ፦
የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የመካነ መቃብሩ ግንብ፣ ትንሽ ሰማይ።
በተረፈው አሥራ ሰባት
ዝናቡን ላክሁለት።