ሦስተኛዋ ኬዝያ

ሐሙስ ነው፣ የገበያ ቀን፤ ዝናቡ አይጥልም፣ አይተውም።
ማርልስቶክ ስወርድ የሚያውቀኝ አንድ ደጃፍ የለም፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ያደልኩ፣
የሰው በር ቆጥሬ ከራሴ ያልደረስኩ።

ሚስተር ግሪምሾ ክንድ የሚያህል ቁልፍ
ከካፖርቱ ስር አወጣ።
«ማንን ፈልገሽ ነው?»
«ሰባት ቤት ልቆጥር፤ አራተኛው ላይ ቆሜያለሁ።»
«ሁሉም እዚያ ይቆማል» አለ፤
«ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው አይፈርምም ነበር።»

እውነቱን ነው። ጆብ ትሬድጎልድ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣
በሠርጉ ቀን የፈረመው መስቀል ነው፤
አንድ እግሩ አጭር፣ ቀለሙ የተንጠባጠበ፣
ሊጥ እንጂ ብዕር ያልለመደ እጅ።
ከጎኑ የዶርካስ መስቀል አለ። የሷ ይቀናል።

ስለ ጆብ ሌላ ወሬ ያገኘሁት ከችሎት መዝገብ፦
ዳቦው ሚዛን ጎድሏል፤ አምስት ሺሊንግ ይክፈል።
ይኸው ነው።
ደግነት አይጻፍም፤ ጉድለት ግን ይጻፋል፤
ሙሉ የጋገረማ ተበልቶለት ያልፋል።

ከዚያ ጥምቀት፦ ኬዝያ፣ የጆብና የዶርካስ ልጅ፣ በሚያዝያ።
ገጹን ገለጥኩ። ቀብር፦ ኬዝያ፣ የአሥራ አንድ ሳምንት።
በሁለተኛው ዓመት ጥምቀት፦ ኬዝያ።
ቀብር።
ጸሐፊው የተሳሳተ መስሎኝ ጣቴን መለስኩ፤
ሦስተኛዋ ኬዝያ በጥቅምት ተጠምቃለች።

ከቀብሩ ዝርዝር ፈለግኳት።
አንዱን ዓመት ጨረስኩ፣ ሌላውን ጨረስኩ፤
ጣቴ ባዶውን በወረደ ቁጥር ደስ ይለኛል።
ሰው የሚፈልገውን ባለማግኘቱ እንዲህ ይደሰታል?

ዶርካስ፣ በየትኛው አፍሽ ጠራሻት?
በሁለት ሙታን ስም «ነይ፣ ብዪ» ስትያት
ስንቶቹ ዞር አሉ?

ውጭ፣ የመቃብሮቹን ድንጋይ ፊት ዝናብ ልሶታል።
ሣር ማጨጃው እንዲያልፍ ከአጥር ተደግፈዋል፣
የማን ራስጌ እንደነበሩ እነሱም ረስተዋል።
«አባቴ ነው ያነሳቸው» አለ ግሪምሾ፣
ቁልፉን ከእጅ ወደ እጅ እያዛወረ፤
«ታዞ ነው።»

አደባባዩ ላይ የአይብ ሻጩ ሸራ ውሃ አቁሯል፤
በዱላ ከስር ሲገፋው ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።
ሳቅን።
ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ተሰለፍኩ። ልጅቷ፣ እስከ ክርኗ ዱቄት፣
«የሚቀጥለው እስኪወጣ አሥር ደቂቃ ነው፤ በማን ስም ልያዘው?»
እኔ ሙሪየል ነኝ።
«ኬዝያ» አልኳት።
እንዴት ይጻፋል አላለችም፤ ጻፈችው።

ስትጠራኝ ዘግይቼ ዞርኩ።

አውቶቡሱ ውስጥ ትኩሱን ዳቦ
በመዳፌ መዘንኩት።
ትንሽ የጎደለ መሰለኝ።
ዝም አልኩ፤ የዘመድ ነው።