ሁለት መስመር

አዛናው ይባላል፤ የአዘዞ ሰው ነው፣
ሲሚንቶ ሲያወርድ ጭኑ የተሰበረው።
ብረት አስገባንለት፤ ከብረቱ በኋላ
ሕመሙ ተረፈው፣ ሌሊቱን የሚበላ።
ትራማዶል ጻፍኩለት፣ ጧት አንድ፣ ማታ አንድ፤
በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ በሚኒባስ መንገድ፣
ክራንቹን አስቀድሞ ጎንደር ይወጣል።

ከዚያ ወሬ መጣ፤ በመናኸሪያው በር
ኪኒን ይቸበችባሉ የሚል አንድ ነገር።
ማን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም፤
ጥርጣሬስ መቼ ስም ጠይቆ በዓለም!

«ሽንት» አልኩት። ብልቃጧን በሁለት እጁ ያዛት፣
ጸበል እንዳለባት እንዳትፈስ ሳሳላት።
የውሃ ፈረቃ አልደረሰም ለእኛ፤
እጁን ሳይታጠብ ቆመ እንደ ጥፋተኛ።

ላቦራቶሪ ገባሁ። ፈንታነሽ ወንበሯ ላይ፣
እኔ ከትከሻዋ በላይ ስትሪፑን ሳይ፦
ሁለት ቀይ መስመር።
«አለ፣ ይውጠዋል!» አልኩ፤ ቀለል አለኝ የምር።
በእርግዝና ጊዜ ሁለት ማለት «አለ» ነው፣
የባለቤቴንም በዚያ ነው ያወቅነው።
ፈንታነሽ ሳቀች። «ዶክተር፣ ይሄ ሌላ ነው፤
እዚህ ቤት ሁለቱ የሚሉት ‹የለም› ነው፤
ሲኖር ነው መስመሯ የምትጠፋው።»

ኔጋቲቭ። የለም።
አወቅሁ መሰለኝ። የተማረ ሰው ሲታረም
እንዴት ይቸኩላል!
ካርዱ ላይ ጻፍኩ፦ «መድኃኒቱን አይውጥም፤
ሳይሸጠው አይቀርም።
ከእንግዲህ አይታዘዝለትም።»
ስነግረው ዝም አለ። ክራንቹ ብቻ ነበረ
ኮሪደሩን ይዞ ሲሄድ የተናገረ።

በሦስተኛው ሳምንት በር ላይ አገኘሁት፤
ጠቁሯል፤ እንቅልፍ ርቆታል፤ ፌስታል አየሁበት።
ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው፦
ኪኒን የወጣለት፣ ባዶ ባዶ ልጣጭ።
«እኛ መጋዘን» አለኝ፣ «ባዶው ከረጢት
ካልተመለሰ ሒሳብ አይዘጋም። እኔም አልጣልኩት።»
ቆጠርኩ።
አንድም አልጎደለ።

ወደ ፈንታነሽ ወረድኩ። «ምን ነበር የፈለግከው?»
«ትራማዶል።»
«እሱንማ ይሄ ስትሪፕ መች ያውቀዋል!
ሞርፊን ያውቃል፣ ኮዴይን ያውቃል፤
ከትራማዶል ጋር ማን አስተዋወቀው?
ብትጠይቀኝ ኖሮ…» ሌላ ናሙና አቀረቡላት፤
ወረፋው ረጅም ነው።
እዚያው ቆሜ አሰብኩት፦
ስሳሳት ነበረ እውነቱን ያገኘሁት፤
ስታረም ነበረ ሰውየውን የጣልኩት።

ማዘዣውን ጻፍኩ። ካርዱንም ገለጥኩ፣
በዚያ ዓረፍተ ነገር ሁለት መስመር ሳብኩ፣
ሁለት፣ እንደ ስትሪፑ፣ «የለም» እንዲል።
ግን ከሥሩ ይነበባል።
ተረኛው ሐኪም ያነበዋል፤
የእስክሪብቶ ቀለም አይለቅም።

አዛናው ፌስታሉን አራግፎ፣ አጥፎ፣
ኪሱ ከተተው፣
ለሚቀጥለው ባዶ።