በሬን ሳወርድ

አርባ አንድ ናቸው ደረጃዎቼ፤
ራሴ ጠርቤ፣ ራሴ ደርድሬ፣ ራሴ ቆጥሬ፣
ከቧንቧ ውሃ በላይ፣ ከጦሳ ሥር ሰፍሬ።
ጎርፍ እንዳይገባ ብዬ ደፉን ከፍ አድርጌ ሠራሁት፤
ስንቱን እንግዳ «እግርህን አንሣ!» አልሁት።
ሙያዬ በር ነው። የሰፈሩን ግማሽ በር እኔ ነኝ ያቆምሁት።
ማን ይደርስበታል ብዬ ግን
አንድም ቀን አልጠየቅሁ።

የቡሄ ዋዜማ፣ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሲሸፍነው፣
ልጆቹ ይመጣሉ።
ዱላቸው ከታች ጀምሮ ደረጃዬን ሲደልቀው፣
ስንተኛው ላይ እንደደረሱ ከድምፁ ነው የማውቀው።
አውራጁ ሱራፌል ነው። ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ሰማሁ፦
ስንኝ ያወርድና ያቆማል፣ ጆሮውን ወደ ታች ይጥላል፤
ከጉሙ ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ ሌላ ስንኝ ያቀብላል።

«ማነው?»
«ያብፀጋ ነው፣ ጋሼ ይመር። በተሽከርካሪ ወንበር ነው።
እታች ይጠብቀናል። ግጥሙን እሱ ነው የሚያወጣው።»

ሦስት ቡሄ ሙሉ
ልጁ እታች፣ ድርሻው በፌስታል፤
ዳቦው ሲደርሰው ቀዝቅዞ፣
ሰው ሁሉ «አልተረሳም» ይላል።

ትልቁን ሙልሙል መርጬ ወረድሁ፤
ምርኩዜን ረስቼ፣ ደግነቴን ይዤ።
«እንካ፣ የኔ ጌታ» አልሁት። ዳቦውን አየ፣ እኔን አየኝ፤
ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው። እንዲህ ብሎ መለሰልኝ፦

«ዳቦማ እኛም ቤት አለ።
እኔ የጓጓሁት በሩን ነው።
መጀመሪያ ዝም ይላል አይደል? ከዚያ ቁልፉ ቀጭ ይላል፣
ከዚያ ብርሃኑ መሬት ላይ ይሰነጠቃል (ሱራ ነው የነገረኝ)፣
ከዚያ ባለቤቱ ይቆማል፣ እያወቀ ያላወቀ መስሎ።
እሱን ነው ያላየሁት።»

«አዝዬ ላውጣሃ?»
ሳቀ። «እርስዎንስ ማን ያዝልዎታል?
ደግሞ ወንበሬ እግሬ ነው፤ እግሬን ጥዬ የት እሄዳለሁ?»

ዳቦው እጄ ላይ ቀረ።
አርባ አንዱን ወጣሁ፣ እያንዳንዱ ላይ እያረፍሁ፤
ድንጋዩ የእኔ እጅ፣ ከፍታው የእኔ እጅ።

ሲነጋ መፍቻ አነሣሁ፤ ማጠፊያውን ከነብሎኑ ፈታሁ።
ከአጥሩ ጫፍ ሆኜ ቁልቁል ወደ ጎረቤት ጮህሁ፦
«ዘሀራ! ልጆችሽን ላኪልኝ፣ በሬን ላወርድ ነው!»
ጉም የጠበቀውን ያላላል።
«የምን በሬ?» አለች። «በጾማችሁ? ደግሞ በዚያ ደረጃ?»

ኑረዲንና ወንድሙ እየሳቁ ተሸከሙልኝ።
ከነመቃኑ አስፋልቱ ዳር፣ በመብራት እንጨቱና በግንቡ መሃል አቆምነው፤
ደፉን ግን ቆርጨ ጣልሁት።
አንድ ባጃጅ ቆሞ «አባባ፣ ስንት ነው?» አለ።
ዘሀራ ከረሜላ በጣሳ ይዛ መጣች፤ በሩን ዞራ አየችው፣
«ለከርሞ የእኔንም ታወርዳለህ» ብላ አዘዘች።

መሸ። ፋኖሴን ይዤ ከበሩ ጀርባ ተሸሸግሁ፤
ጀርባዬ ከግንብ፣ ግንባሬ ከእንጨት።
ጎማ ጠጠር ሲፈጭ ሰማሁ። ከዚያ ሦስቴ ተንኳኳ፣ በቀስታ።
ዝም አልሁ። (መጀመሪያ ዝም ይላል።)
ቁልፉን ቀጭ አደረግሁ። ብርሃኑን ሰነጠቅሁለት።
«ማነው በዚህ ምሽት?»

ልጁ አፉን ከፈተ፤ ስንኝ ጠፋው።
ሦስት ዓመት ለሰው ሲያቀብል የኖረ፣
በር ሲከፈትለት ቃል አጠረው።
ሱራፌል ከኋላው ጎንበስ ብሎ በጆሮው አንድ ቤት አቀበለው።
ከዚያ ማን ያስቁመው!
ሽበቴን ገጠመ፣ ጉልበቴን ገጠመ፣
የዘሀራን ጣሳ፣ የባጃጁን ጥሩምባ፣
ግንብ ብቻ ያለበትን ቤቴን «እልፍኙ የሰፋ» ብሎ ገጠመ።

ደረጃው ዛሬም አርባ አንድ ነው፤
አንድ በር ወረደ እንጂ ጦሳ አልተናደም።
የዚያን ሌሊት ቤቴ ያለ በር አደረ፣ እኔም በብርድ ቁጭ ብዬ አመሸሁ።
ከጓዳ እስከ አልጋዬ ሰተት ብሎ የገባው፣
ያን ከፍ ያለ ደፌን ሳይደናቀፍ የተሻገረው
ጉሙ ብቻ ነው።