መሪዬ በኪሴ

አርባ ሦስት ዓመት ከግርጌው ኖሬ፣
ወደ ጅሬን በእግሬ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው ዛሬ።
ጅማ የተወለደ ሰው ቤተ መንግሥቱን አያይም፤
እንግዳውን ያሳፍራል እንጂ ከታክሲው በር አያልፍም።
እኔም እንዲያ ነበርሁ፣
ለሰው መንገድ እያሳየሁ ራሴን ያስቀረሁ።

እኅቴ ነጃት ግን ትወጣ ነበር፣ በያመቱ በጥቅምት፣
ስድስተኛ ክፍልን አስከትላ እንደ ሠራዊት።
“አስጎብኚ አያሻም” ትላለች፣ “ዓይንና እግር ካለ፤
ጆሮውን ያስቀደመ ልጅ፣ ዓይኑን ቤቱ ጥሎ እንደዋለ።”

ከሞተች በዓመቱ ነው፣ ከሳጥኗ ሥር፣
ከደመወዝ ደረሰኝና ከልጆች ስም ዝርዝር፣
ያገኘሁት ይህን ወረቀት፣ በሰማያዊ የተጻፈ፣
ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፣ ፊደሉ የረገፈ፦

፩. ከአወቱ ድልድይ ተነሥ። ባጃጅ እንዳትይዝ አደራ፤
ዳገት ያልቀመሰ ጉልበት ቤት ቢያይ ምን ሊያወራ።

ሐሙስ ነው። ሂርማታ ገበያ ሸራውን ሲዘረጋ፣
በማር ቆርቆሮ ኳኳታ ነው ቀኑ የነጋ።
ባለባጃጁ ዚያድ ሦስቴ ዞሮ መጣ፤
“ጋሼ፣ በዚህ ፀሐይ በእግር አይወጣ!”

፪. ዋንዛው ሥር ውኃ ጠጣ፤ ወደ ኋላ እንዳታይ።
ዋንዛው የለም። የሞባይል ካርድ መሸጫ ቆሟል ቦታው ላይ።
ልጅቷን “ዋንዛው?” አልኋት። ትከሻዋን ነቀነቀች፤
“እኔ ስወለድ አልነበረም” ብላ ውኃውን ግን ሸጠች።
ጠጣሁ።
ወደ ኋላ አላየሁም።

፫. ይህን አይጥ በልቶታል። “ቀስ” የሚል ብቻ ቀርቷል፤
ለጉልበቴ ይኸው አንድ ቃል በቅቶታል።

፬. በሩ ላይ ክፈል፤ አትጨቃጨቅ።
ከፈልሁ። ጥበቃው ሙኽታር ኮቱን ቆለፈና፣
“አስጎብኚ ልጥራልህ?” አለኝ፤ “ያለ ሰው አይሆንምና።”
“አለችኝ” አልሁት።
ከኋላዬ ፈለገ። “የታለች?”
“በኪሴ።”
ሳቀ መሰለኝ፤ ወይ አፈረ፤ አላየሁትም፣ አፍሬ ለራሴ።

፭. ወደ ላይ አታንጋጥ፤ ሰገነቱን ሰው ሁሉ የሚያየው ነው፤
አንተ ደረጃውን እይ። መሐሉን ስንት እግር ነው የበላው?

አየሁ። እንጨቱ መሐል ላይ እንደ ማንኪያ ሰርጉዷል፤
ተረከዝ ስም አይጽፍም፤ የሄደው ሁሉ ሄዷል።
ከጎኑ በደቃቁ፦ “ጌታ በቀን አንዴ ቢወጣ፣
እንስራ ያዘለች ሴት አሥሬ ነው የምትመጣ።
እንግዲህ ይህ ደረጃ የማን ነው? መልሱን ለነገ አምጣ።”

በአርባ ሦስት ዓመቴ የቤት ሥራ ተሰጠኝ፤
ከሰገነቱ ጥላ ሥር የልጅ ሳቅ አመለጠኝ።

፮. የእንጨቱን ጥልፍ አትንካ፤ የእጅ ላብ እንጨት ይበላል፤
ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጠብቅ፣ ጥልፉ ራሱ ይነካሃል።

ጠበቅሁ። ፀሐይ ስታዘነብል ጥላው ወለሉን ተሻግሮ፣
ጫማዬን፣ ጉልበቴን፣ መዳፌን ዳሰሰኝ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ቆጥሮ።

፯. አሁን ዙር። ወደ ኋላ እይ። የቤታችን ጣሪያ የቱ ነው?
ቆርቆሮው ሁሉ አንድ መልክ ይዞ ፀሐይ ነው የሚመልሰው።
ሚናራውን ይዤ ቆጠርሁ፣ ከባሕር ዛፉ ወደ ግራ፤
አንዱን “እሱ ነው” ስል ይጠፋል፣ ሌላው በተራው ሲያበራ።
አላገኘሁትም።
እሷ ግን እዚህ ቆማ በያመቱ ታገኘው ኖሯል ማለት ነው፣
እኔ ከሥሩ ቁጭ ብዬ፣ ማን እንደሚያየኝ ሳላውቀው።

፰.
ስምንት ብላ ጽፋለች፤ ነጥብ አለ፣ ቃል ግን የለም፤
ወረቀቱን ገለበጥሁት፤ ጀርባው ነጭ ነው፤ ምንም።
ለሙኽታር ሰጠሁት። መነጽሩን አውጥቶ አየ፣
ሩቅ ያዘው፣ ቅርብ ያዘው፣ ከብርሃን ጋር አስተያየ፤
“መውረጃው ይሆናላ” አለኝ፤ “ያን ማን ይጽፋል ብለህ?
ቁልቁለት መሪ አይፈልግም፤ ይወስድሃል እግርህ።”

ወረድሁ።
ዋንዛው የነበረበት ስደርስ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤
ልጅቷ በርጩማ አወጣች፤ ሰውነቴ ተቀመጠ።
“ጠዋት ጠርቼዎት ነበር” አለች፣ “ዞር ብለው አላዩም፤
መልስዎን ረስተው ሄዱ።”
አራት ብር ቆጠረችልኝ።